እህቴ ቤተሰቤ አለመሆኗን ላስረዱኝ የመድን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? መቼም ደኅና እንደሚሆኑ አልጠራጠርም፤ የጤና መድን ይሸጣሉ እንጂ አይገዙምና።

እኔ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ፀጉር የምሠራ ሴት ነኝ። በዚያችው ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል፣ ታላቅ እህቴ እታለም ልብስ ትሰፋለች። እናታችን ስትሞት እኔ የወተት ጥርሴን እንኳ አልነቀልኩም ነበርና ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ዛሬም የምንኖረው በአንድ ቤት፣ የምንበላው ከአንድ ድስት ነው። ባልም ነበረኝ። ወደ ሌላ ሴት ቤት ከሄደ ቆይቷል፤ ፍቺውን ግን ዛሬ ነገ ስንል ሁለታችንም ሳንፈጽመው ቀረን።

እነሆ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሱቃችን ድረስ ስለመጡት የሽያጭ ሠራተኛዎ። ክራቫታቸውን አስተካክለው ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀመጡና ከሦስቱ የመድን ጥቅሎች ነሐሱ ዓይን እንደማይነካ፣ ብሩ መነጽር ብቻ እንደሚሰጥ፣ ወርቁ ግን የዓይን ቀዶ ሕክምናን ጭምር እንደሚሸፍን በትዕግሥት አስረዱኝ። እታለም መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ዓይኗን ማጨናበስ ከጀመረች ሰንብታ ስለነበር ወርቁን መረጥኩ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እህቴንም ይጨምራል?»

«ምን ጥያቄ አለው እትዬ፣ ቤተሰብዎን በሙሉ ነው እንጂ!» አሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

እታለም ከጥጓ ሆና «አፉስ ቅቤ ነው፤ ልቡን እንጃ» አለች። ሳቅንና ፈረምኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቢሮዎ ትሕትና። አንድ ጠዋት እታለም መቀሷን አስቀምጣ «መጋረጃውን ማን ዘጋው?» ስትል ጠየቀች። መስኮታችን መጋረጃ የለውም። ሐኪሙ የአንዱ ዓይኗ የውስጥ ሽፋን ተላቋልና ሳይውል ሳያድር መሠራት አለበት ስላሉን፣ እጇን ይዤ በቀጥታ ወደ እርስዎ ቢሮ መጣን። ከመስታወቱ ማዶ የነበሩት ወይዘሪት ስሟን በኮምፒውተር ፈልገው ካጡ በኋላ፣ ሕፃን በሚያባብል ድምፅ «በውላችን መሠረት ቤተሰብ ማለት የትዳር ጓደኛና ልጅ ነው፤ እህት አትካተትም» ብለው አስተማሩኝ።

እታለም ድሮም ፈዘዝ ባለው በሌላው ዓይኗ አየቻቸውና «ታዲያ እኔ ምኗ ነኝ?» አለቻቸው።

«ሲስተሙ ላይ የሉም እናቴ» አሉ።

በመንግሥት ሆስፒታል ተራ ያዝን። እኛ ተራ መጠበቅ ለምደናል፤ ዓይኗ ግን አልለመደም ነበርና፣ ሲሠራላት ብርሃኑ አልተመለሰም።

ሦስተኛ፣ ስለ ባለቤቴ። እኔ ስሙን ባላነሳውም ድርጅትዎ ከጋብቻ መዝገቡ ፈልጎ አግኝቶት፣ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ የመድን ካርድ ልኮለታል። የእታለም ፋሻ ሳይፈታ፣ በእኔ ወርቅ ጥቅል የተሠራለትን መነጽር አድርጎ ሊያመሰግነኝ ሱቅ ድረስ መጣ። «አሁን ገና ጥርት ብለሽ ታየሽኝ!» አለኝ።

እታለም ድምፁ ወዳለበት ዞራ «እንኳን ለብርሃን አበቃህ» አለችው። እሱም አሜን ብሎ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር አልተቆጣሁም፤ መቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን የአንዲት ደንበኛዬን ራስ ሳጥብ ውሃው እንደሚፋጅ ያወቅኩት ሴትዮዋ ስትጮህ ነው። የኔም እጅ እዚያው ውሃ ውስጥ ነበር፤ ምንም አልነገረኝም። አሁን በየጠዋቱ ሱቁን ሳንከፍት ለእታለም መርፌዎቿን ሁሉ ክር አስገብቼ እሰካላታለሁ፤ እሷም በጣቷ ዳብሳ ትወስዳለች።

አራተኛ፣ ባለቤቴን በእህቴ እንዲለውጡልኝ ብለምን መጀመሪያ የፍቺ ወረቀት አምጪ ተባልኩ። ስንት ዘመን ያቃተንን ፍቺ በእርስዎ ግፊት ፈጸምነው። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ ደግሞ ቤተሰብ የሌላት ተብዬ ወደ ነጠላ ጥቅል ተዛወርኩ።

እንግዲህ ቤተሰብዎን በሙሉ፣ በውሉ ትርጉም መሠረት፣ ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ እህት ካለችዎት ደግሞ ለእሷ የተለየ ጸሎቴን እየላክሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በሲስተምዎ ላይ ብቸኛ የሆነችው ፀጉር ሠሪ

ማስታወሻ፦ ትናንት የሽያጭ ሠራተኛዎ ደውለው አዲስ ጥቅል መውጣቱን አበሠሩን። የቀብር ወጪ የሚሸፍን ሲሆን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሁሉ ቤተሰብ ይባላል፤ እህትም ጭምር። እታለም ስልኩን ተቀብላ «መቼ ልሙትላችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም በትሕትና፣ ውሉ ሥራ ላይ የሚውለው ከተፈረመ ከስድስት ወር በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ቢታገሡ ይሻላል ብለዋታል። እሞክራለሁ ብላቸዋለች።