ለጋሼ የተሰፋ ሸሚዝ

ጥር 4

ከፋርማሲ ስገባ እታለም የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። ሰማያዊ የወንድ ሸሚዝ። ደንበኛ የመጣላት መስሎኝ ደስ አለኝ። ሥራ መቀበል ካቆመች ቆይታለች።
«የማን ነው?»
«የጋሼ ነዋ! ሊመጣ አይደል እንዴ?»
ሳቅኩ። ቀልድ መሰለኝ። እሷ ግን አልሳቀችም...

ጥር 5

ጋሼ የሚባል ሰው የለንም።

ሦስት ሴቶች ነን፤ ታላቃችን እታለም፣ መካከለኛዋ እኔ፣ ትንሿ ሚጢጢ። አባባ ሲሞት እታለም አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። «ወንድ የሌለበት ቤት» ነበር ስማችን። ጎረምሶች በራችንን በድንጋይ ይደበድባሉ። እማዬ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» እያለች ታለቅሳለች። አንድ ቀን እታለም በመስኮት ብቅ አለችና «ጋሼ ይምጣ ብቻ፣ ታገኟታላችሁ!» ብላ ጮኸች። ከየት አመጣችው? እንጃላት።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ የአባባን ሸሚዝ እያጠበች መንገደኛ በሚያየው ገመድ ላይ ታሰጣለች። ማንም የማይለብሰውን! «ሳሙናዬን ጨረሽው» ትላለች እማዬ። ሸሚዙ ሲያልቅ ሌላ ሰፋች። ስፌት የለመደችው እንዲያ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሩቅ አገር የሚሠራ ወንድም እንዳለን አመነ። አንዲት ጎረቤትማ በዓይኔ በብረቱ አየሁት ብላ ምላለች! ስንቴ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

እና አሁን እሷም አመነች?

ጥር 19

ሐኪም ጋ ወሰድናት። ሚጢጢ የምትነዳውን አውቶቡስ ለባልደረባዋ ትታ መጣች። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። የማስታወስ ችሎታዋ እየደከመ ነው... መድኃኒቱ ያዘገየው ይሆናል እንጂ አይመልሰውም።

ቀኑን ሙሉ ለሰው መድኃኒት ስሸጥ የምውል ሴትዮ፣ ለገዛ እህቴ አንዲት ፍሬ የለኝም። ማብራሪያ ወረቀቱን አራት ጊዜ አነበብኩት። ምን ላገኝበት?

ስንወጣ እታለም «ወንድሜ ሲመጣ ያነጋግርዎታል» አለችው። «ወንድም ካላችሁማ ጥሩ ነው፣ ያግዛችኋል» አለን ሐኪሙ። ሚጢጢ ከንፈሯን ነከሰች።

የካቲት 2

ሸሚዙን ጨረሰችው። አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል። ድሮ ቢሆን በጥርሷ ተርትራ እንደገና ትጀምረው ነበር። ዛሬ ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቀለችው።

የካቲት 11

ሚጢጢ ምላሷን መያዝ አቃታት። እታለም ከጠዋት ጀምሮ «ጋሼ ለምን ዘገየ?» ስትል ዋለች። ሃያኛው ጥያቄ ላይ ሚጢጢ ፈነዳች። «ጋሼ የሚባል ሰው ኖሮም አያውቅ! አንቺው ነሽ የፈጠርሽው!»

እታለም አየቻት። ብዙ አየቻት።
«ሞተ በይኝ እንጂ፣ ለምን ትዋሺኛለሽ?»

ከዚያ ለቅሶ። ደረቷን እየደቃች። ጎረቤቶች ሮጠው መጡ። «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» ምን እንበል? ያቺ ከከባድ መኪና ሹፌር ጋር አንገት ለአንገት የምትተናነቀው ሚጢጢ ጥግ ይዛ አብራ ተንሰቀሰቀች። ላልተወለደ ሰው ሐዘን ተቀመጥን።

የካቲት 12

ረስታዋለች። «ጋሼ ደወለ?» አለችኝ ገና ስትነቃ። እፎይ አልኩ። በእፎይታዬ ደግሞ አፈርኩ።

የካቲት 26

ስልክ ጮኸ። አነሳሁ።
«እህ... እህ... ጋሼ ነኝ። እህቴን አገናኚኝ።»
ሚጢጢ! ከአውቶቡስ መነሻው ሆና፤ ከኋላዋ ጥሩምባ ይጮሃል። ድምፅዋ ድሮም ጎርናና ነው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሆነ።

እታለም ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ፊቷ በራ። «የት ጠፋህ አንተ? ምነው ከሳህ እንዴ፣ ድምፅህ ቀጠነብኝ!... እኛ ደህና ነን። ሚጢጢ ሹፌር ሆነችልህ። አዎ፣ ሹፌር! አትሳቅ። ያን የሚያህል አውቶቡስ እንደ መጫወቻ ነው የምታዞረው። ስታልፍ መስኮት ላይ ቆሜ ነው የማያት። እንዳትነግራት፣ ትጠግብብኛለች።»

ከዚያኛው ጫፍ ዝምታ። እታለም ሚጢጢን ፊት ለፊት አመስግናት አታውቅም። «መስመሩ ተቋረጠ» አለች እታለም፣ ስልኩን እየመለሰችልኝ።

አልተቋረጠም ነበር። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ትንፋሿ ይሰማል። «ነገም እደውላለሁ» አለችኝ በራሷ ድምፅ።

መጋቢት 8

ዛሬ «አንቺ ልጅ» ብላ ጠራችኝ። ስሜ ጠፍቷት ነው ወይስ ለመጥራት ሰንፋ? ሰንፋ ይሁን። እባክህ ፈጣሪዬ፣ ሰንፋ ይሁን...

መጋቢት 21

ሚጢጢ በየቀኑ ትደውላለች። እኔ ምን አደርጋለሁ? አበላለሁ፣ አጥባለሁ፣ አያለሁ። ማየት ሥራ ነው እንዴ?

ሚያዝያ 3

ፀጉሯን እያበጠርኩላት ነበር። ሚጢጢ ከሥራ ገብታ የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማለች።
«እጅሽ አያሳምምም። የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ እታለም።
«እህትሽ ነኝ።»
ፈገግ አለች። ለማያውቁት ሰው ፈገግ እንደሚባለው። «ተሳስተሻል መሰለኝ፣ የኔ እናት። እህት የለኝም። አንድ ወንድም ብቻ ነው ያለኝ።»

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። ሚጢጢን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።
«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

«ኧረ እሱስ! አንድ ጎረምሳ ሲለክፈኝ ድንጋይ አንስቶ ግንባሩን ፈነከተልኝ። ይህችን ታህል ነበር እኮ!» እጇን ወገቧ ድረስ ዝቅ አደረገች። ሚጢጢ አፏን በመዳፏ ያዘች። ድንጋዩን ስታነሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

«ደግሞ የፈተና ቀን ጫማዬ ተገነጠለ። እሱ የራሱን አውልቆ ሰጠኝና በባዶ እግሩ ጭቃውን እያቦካ ሄደ።»

የኔ ጫማ ነበር። ቡናማ፣ ገና አዲስ። አርባ ምናምን ዓመት ሆነው። ልነግራት አፌን ከፈትኩ... ሆድ ይፍጀው ብዬ ዘጋሁት።

«ጎበዝ ወንድም ነው ያለሽ» አልኳት።
«በጣም እንጂ!» አለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። «ጫማው ግን ጠቦኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ እግሬን ሲቆርጠኝ ዋለ። እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል።»
«አልነግረውም» አልኳት።