በወይዘሮ ይመኙሽ ግቢ ስለቆሙት አራት ችካሎች

ለቀላል ባቡር ማስፋፊያ የጋራ አስተባባሪ ኮሚቴ ክቡራን አባላት በሙሉ፤
ጎንደር

ክቡራን ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ አራታችሁንም በሙሉ ጤና፣ ከተቻለም በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ሁለተኛው ምኞቴ ከመጀመሪያው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ጤናን እግዚአብሔር ይሰጣል፣ እናንተን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተሰጠም።

እኔ የሻው አዳነ እባላለሁ። ከአዘዞ ወደ ጠዳ በሚወስደው መንገድ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጥግ ባለችው መንደር የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ስለ ባቡር የማውቀው ጥቂት ነው፤ ያንኑም የተማርኩት ከእናንተ ስለሆነ ስሕተት ቢገኝብኝ ይቅርታ የምጠይቀው ከእናንተ ጋር ሆኜ ነው።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። መንደራችን ባቡር ሊገባላት መሆኑን ስንሰማ ሥራው «ማስፋፊያ» መባሉ ትንሽ ግር ብሎን ነበር። የሚሰፋው ባቡር ራሱ የት እንዳለ ለማየት ሁለት ሰዎች እስከ ፒያሳ ሄደው ባጃጅ ብቻ አይተው ተመለሱ። ኋላ ግን ባለሙያችሁ ዋናው መስመር ገና በጥናት ላይ፣ ማስፋፊያው ደግሞ በትግበራ ላይ መሆኑን በትዕግሥት አስረድቶናል። ያልመጣን ነገር አስቀድሞ ማስፋት አርቆ አሳቢነት ነውና እናመሰግናለን። አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ቀዩ ችካል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ የባቡሩ ቢሮ ቀያሾች መጥተው በወይዘሮ ይመኙሽ ቤት በሰሜኑ ግድግዳ ማዕዘን ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከሉ። ይመኙሽ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአማቷ ከወይዘሮ ታየችና ከአንዲት ላም ጋር የምትኖር፣ ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ ሴት ናት። ወጣቱ መሐንዲሳችሁ የመንደሩ ሰው ችካሉን ነቅሎ ለማገዶ እንዳያደርገው ሰጋ፤ ስጋቱም ተገቢ ነበር። ስለዚህ ወደ አጥቢያችን ካህን ወደ ቄስ ወልደኢየሱስ ሄዶ፣ «አባ፣ ሕዝቡ ከእኛ ማስታወቂያ ይልቅ የእርስዎን ቃል ይሰማል፤ አንድ ነገር ይበሉልን» ብሎ በትሕትና ለመናቸው። ቄሱም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው፣ ያንን ችካል የነቀለ፣ ያዘነበለ፣ ከቦታው ያንቀሳቀሰ ውጉዝ እንዲሆን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ገዘቱ። መሐንዲሱ ሥነ ሥርዓቱን ፎቶ አንሥቶ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» በሚል ርእስ በሪፖርቱ ውስጥ እንዳስገባው ሰምተናል። እውነት ነው፤ ተሳትፈናል።

ሁለተኛ፤ ስለ ነጩ፣ ስለ ቢጫውና ስለ ሰማያዊው። ሦስት ወር ቆይተው የአውሮፕላን ማረፊያው ቢሮ ሰዎች መጡ። ለክተው ሲያበቁ የባቡሩ የኤሌክትሪክ ምሰሶ አውሮፕላን ከሚያርፍበት መስመር ጋር እንደሚጋጭና ቀዩ ችካል አሥራ ሁለት ሜትር ወደ ምሥራቅ መሄድ እንዳለበት ወሰኑ። ለአውሮፕላኑም ለእኛም ስላሰቡ ምስጋና ይድረሳቸው። እንዲነቅለው ያዘዙት ግን መዝሙር የሚባለውን የመንደራችንን የቀን ሠራተኛ ነበር። «እንጨት እኮ ነው» አሉት። «ለእርስዎ እንጨት ነው ጌታው» አለ መዝሙር፣ ዶማውን መሬት ላይ እያስቀመጠ፤ «እኔ ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ እናቴም ገና በሕይወት አለች።» የቡድኑ መሪ ተናድዶ ችካሉን ራሱ በሁለት እጁ ጨበጠው። ይመኙሽ ከደጇ ሆና፣ «በርታ የኔ ልጅ፤ ማን ከለከለህ» አለችው። ሰውየው እጁን አራግፎ፣ ችካሉ የሌላ መሥሪያ ቤት ንብረት ስለሆነ መንካት ከሥልጣኑ ውጪ መሆኑን አስታወቀና፣ አሥራ ሁለት ሜትር ቆጥሮ የራሱን ነጭ ችካል በግቢው መግቢያ ላይ ተከለ።

ነጩም ጥበቃ ያስፈልገዋልና በማግስቱ ደብዳቤ ተይዞ ወደ ቄሱ ተኬደ። ቄስ ወልደኢየሱስ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መካከል አድልዎ የማያውቁ ሰው ስለሆኑ እሱንም ገዘቱ። የመንገዱ ቢሮ ቢጫ ችካል በላሚቱ በረት፣ የውሃው ቢሮ ሰማያዊ ችካል በጠላ መጥመቂያው ጎጆ ፊት ሲቆም ግዝቱ እንደ ማኅተም የተለመደ የሥራ ሂደት ሆኖ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ላሚቱ ሳታውቀው ውጉዝ እንዳትሆን በአጭር ገመድ ታስራ ትውላለች።

ሦስተኛ፤ ስለ ግድግዳው። ባለፈው ነሐሴ የሰሜኑ ግድግዳ ተናደ። ቀዩ ችካል ግን ፍንክች አላለም፤ የተከላው ጥራት የሚመሰገን ነው። ይመኙሽ ግድግዳዋን መልሳ ልታቆም ስትነሣ ቀበሌው፣ አራቱ ቢሮዎች ባቡሩ በየትኛው ችካል እንደሚያልፍ እስኪስማሙ ድረስ ምንም ዓይነት ግንባታ አይፈቀድም አላት። ወይዘሮ ታየች የቀረውን ክረምት ከሸራ ጀርባ ተኝተው አሳለፉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሳል ይዟቸው እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። ሌላ ክረምት ከሸራ ጀርባ እንደማይዘልቁ ይመኙሽም እኔም እናውቃለን፤ ክረምቱ ሊገባ ደግሞ አንድ ወር ቀርቶታል። የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ጨዋታ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ቀጠሮ። በአንዱ ችካል ብትስማሙ እንኳ ሌሎቹን ለመንቀል ግዝቱ መፈታት አለበት፤ ቄስ ወልደኢየሱስም አልፈታም አላሉም። ያሉት አጭር ነው፤ «ያስገዘተኝ መጥቶ ይጠይቀኝ፣ እፈታለሁ። ግን አራቱም በአንድ ቀን ይምጡ። የአንዱን ፈትቼ የሌላውን ብተው፣ ነገ ለማን አደላህ ስባል መልስ ሰጪው እኔ ነኝ።» ይህንኑ ለአራታችሁም በጽሑፍ አስታወቅን። የባቡሩ ቢሮ በማክሰኞ ተስማማ። የአውሮፕላን ማረፊያው ቢሮ ማክሰኞ ሥራ ስለሚበዛበት ሐሙስን መረጠ። የመንገዱ ቢሮ ለሐሙስ ነዳጅ እንደሌለው ገለጸ። የውሃው ቢሮ በሁሉም ቀን ተስማምቶ በሁሉም ቀን ቀረ። የባቡሩና የአውሮፕላን ማረፊያው አስተባባሪዎች በአንድ ፎቅ ላይ፣ በአንድ መተላለፊያ፣ በር ለበር ትይዩ መሆናቸውን ሄጄ በዐይኔ አይቻለሁ፤ አንዱ ለሌላው የጻፈው ደብዳቤ ግን በአዲስ አበባ ዞሮ በሃያ ሦስተኛው ቀን ደርሷል።

በመካከሉም ሦስት ጊዜ ተሰብስባችሁ «ቅንጅታዊ አሠራርን ማጠናከር» በሚለው ነጥብ ላይ በሙሉ ድምፅ መስማማታችሁን ከማስታወቂያ ሰሌዳው አንብበናል። ይመኙሽ እንዳነብላት ጠየቀችኝና አነበብኩላት። «ሸጋ ነው» አለች፤ «ምነው ታዲያ ሸራው አሁንም ያፈሳል?» ጥያቄዋን ለሚመለከታችሁ መርቼዋለሁ።

ክቡራን ሆይ፣ ሥራ የበዛበትን ሰው ደጋግሞ ማስቸገር ነውር ስለሆነ ነገሩን በራሳችን ልንጨርሰው አስበናል። ባለፈው እሑድ ይመኙሽ ቄሱን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኘቻቸው፤ እኔም አብሬ ነበርኩ።

«አባ፣ የገዘቱት መንካቱን ነው መንቀሉን?» አለቻቸው።

ቄሱ አሰብ አደረጉ። «መንቀል፣ ማዘንበል፣ ማንቀሳቀስ ነው ያልኩት።»

«ጭቃ ብንመርግበትስ?»

«ስለ ጭቃ ያልኩት የለም።»

«በግራ በቀኙ እንጨት አቁመን ብናስረውስ?»

«ያን ጊዜማ ልጄ» አሉ ቄሱ፣ «ከናካቴው አይነቃነቅም።» ይህን ብለው መስቀላቸውን አሳለሟትና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ስለዚህ ሰኞ፣ ግንቦት ሃያ አምስት ቀን፣ መንደሩ በደቦ ወጥቶ የወይዘሮ ይመኙሽን ግድግዳ ያቆማል። ቀዩ ችካል ሳይነቀልና ሳይዘነብል ባለበት ከማዕዘኑ ምሰሶ ጋር ይታሰራል፤ ማገር ይመታበታል፤ ጭቃ ይመረግበታል። ቀበሌው ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው ብሎ ሊያፈርሰው ቢመጣ መብቱ ነው። ነገር ግን ግድግዳውን የሚያፈርስ ችካሉንም አብሮ መንቀል ይኖርበታል፤ ቀበሌው ለማፍረስ የሚቀጥራቸውም እነ መዝሙር ናቸው። ሁለት ዓመት ችካላችሁን የጠበቀው ግዝት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቷን ይጠብቅላታል። እናንተም ባቡሩን ይዛችሁ በመጣችሁ ጊዜ የመስመራችሁን ምልክት በትክክለኛው ቦታው ላይ፣ ዝናብ ሳይነካው፣ በወይዘሮ ታየች አልጋ ራስጌ ታገኙታላችሁ። ከመግባታችሁ በፊት በር እንድታንኳኩ ብቻ በአክብሮት እናሳስባለን።

ለአራቱም ቢሮዎች እኩል በተመዘነ አክብሮት፣ ከቀለሞቻችሁ አንዱን ከሌላው ሳላስበልጥ፣ የልማታችሁ ጎረቤትና የችካሎቻችሁ ያልተቀጠረ ጥበቃ በመሆን እሰናበታለሁ።

የሻው አዳነ
ወፍጮ ቤት

ግልባጭ፤
ለቄስ ወልደኢየሱስ (ለመረጃ ያህል)
ለወይዘሮ ይመኙሽ (ተነብቦላታል፤ «ረዘመ» ብላለች)

ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ ለእያንዳንዳችሁ የማደርሰው ራሴ ነኝ። ትናንት መንገዱን ለክቼዋለሁ፤ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በእግር፣ መሃል ላይ አንድ ሻይ ተጠጥቶ፣ አራታችሁንም ለማዳረስ ሃምሳ ደቂቃ ይበቃል። ሻዩ ሳያስፈልገኝ የምጨርስ መስሎኝ ነበር፤ የውሃው ቢሮ በሩን ስለቀየረ ትንሽ ዘገየሁ።