ስኳር ያጣችው እርሾ

የኔ ሳቂታ፣

እዚህ ሰው አገር ቤተ ሙከራው እንደኛው አይደለም፤ መብራት አይጠፋም፣ ሰውም ድምፁን አያነሳም። ትናንት ግን እኔ አነሳሁ። እርሾ ስኳር ሲያልቅባት የማይቶኮንድሪያ፣ የሴሏ ኃይል ማመንጫ፣ ጂኖቿን የሚቀሰቅስላት አንድ ጂን አግኝቻለሁ ብዬሽ አልነበር? እሱን ሳጠፋባት፣ በስኳር ፈንታ አልኮል ብሰጣት ማደግ አቃታት። አለቃዬ፣ «እርሾሽ ድሮም በሽተኛ ናት፤ ግኝቱን ከገለጻሽ አውጪው» አለኝ። እሺ አላልኩም። ጂኑን መለስኩላት፤ ያለ ስኳር የማሳደጊያ ሳህኑን ግጥም አድርጋ ሞላችው። ትናንት በገለጻዬ ላይ ሳህኑን ይዤ ሰው ሁሉ ፊት ቆምኩ። «ማን ፈቀደልሽ?» ብሎ ሲያፈጥብኝ፣ «ይቺው!» ብዬ አፍንጫው ስር አስጠጋሁለት።

ቆይታዬን ያሳጥረው ይሆናል። ያሳጥረው! ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝና፣ ልጅሽን ቢመልሷትም አንገቷን ደፍታ አትመጣም በያት።

ያንቺው ግትር