ከካርዱ ሥር ያለው ፖስታ

ሂያም ሆይ፣ ከአንድ ጉልበቴ በቀር በሙሉ ጤንነቴ ላይ ሆኜ አንድ ወንጀል አምናለሁ፦ ከአባዬ ቦርሳ የሐኪሙን ፖስታ ሰርቄ አንብቤያለሁ። ይህን ፖስትካርድ የምጽፍልሽም ፖስታውን ከካርዱ ሥር ደብቄ ነው።

አውቶቡሳችን አዋሽ ሰባት ኪሎ ለምሳ ቆሟል። ከአዋሽ ወንዝ ገደል የሚመጣው ንፋስ እንደ ከተማችን እንደ ሎጊያ ንፋስ ፊት አይለበልብም፤ ካርዱን ግን ሊቀማኝ ይታገላል።

መንገድ ላይ የተኛሁ መስሏቸው አጎቴ መሀመድአሚን «የአጥንቷ ካንሰር ለሆርሞን በር አለው ካሉ ለምን አይዘጉትም?» አለ። የሱቁ በር መስሎታል! አባዬም «በሩ ያላቸው ታካሚዎች ይሻላቸው ይባስባቸው ገና እየተጠና ነው አሉኝ» አለው። ወረቀቱም ይህንኑ ነው የሚለው፤ በሩን «ተቀባይ» ይለዋል።

እኔን ግን «እያደግሽ ስለሆነ ነው የሚያምሽ» ይሉኛል። እንደነሱ ቢሆን እስካሁን ግመል አክል ነበር። ማወቄን ልነግራቸው እፈልጋለሁ፤ አባዬ እንዳያለቅስ ብዬ ግን ፈራሁ።

ነገ አዲስ አበባ መድኃኒት እጀምራለሁ። እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ ክፍል ውስጥ ወንበሬን ለማንም እንዳትሰጪ፣ ዱዓ አድርጊ። አባዬ እጁን ታጥቦ እየመጣ ነው። ቦርሳውን ከፈተ፤ ፖስታውን አጣው። አሁን ወደ ካርዱ እያየ ስሜን እየጠራ ነው፦

«አፍናን!»