የአባባ ሳቅ በጥገና ሱቁ

ለወንድሜ፤ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስ። እኛ ደህና ነን።

«ሴት ልጅ ብሎን ፈትታ የት ልትደርስ!» ብለህ ከሱቁ አስወጥተኸኝ ነበር፤ ይኸው ዛሬ ከአባባ ጎን ተቀምጬ የምጠግነው እኔ ነኝ።

ትናንት አንድ ደንበኛ አባባ የጠገነለትን የድሮ ቪዲዮ ማጫወቻ ለሦስተኛ ጊዜ መልሶ አመጣ። በሰውየው ፊት «አባባ፣ ይሄ እኮ የግድየለሽ ሥራ ነው!» አልኩት። የማጫወቻውን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኜ ለጠጋኝ ብቻ የተደበቀውን የምርመራ ገጽ ከፈትኩ። የብልሽቱ ቁጥር ከማጫወቻው ጋር የተያያዘውን ቴሌቪዥን ሞልቶ ወጣ።

«እስቲ አንብብልኝ» አልኩት አባባን።

«የተማርሽው አንቺ፣ አንብቢው አንቺ!» ብሎ ሳቀ። ፊቱ የዞረው ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ ድምፄ ነበር። ደንበኛው ሲሄድ ብሎኖቹን በጣቱ እየዳሰሰ ለቀማቸው። ይቅርታ ልለው ፈልጌ አብሬው ብሎን ለቀምኩ።

ከሱቁ ስላስወጣኸኝ የያዝኩብህን ቂም አልተውኩም፤ አንተ ግን ቶሎ ና። በር ላይ ስትደርስ ዝም ብለህ እንዳትቆም፤ አባባ እንዲለይህ ድምፅህን አሰማው።

በደህና ያገናኘን፤
እህትህ