ስድስት ቁጥር በእትዬ ስልክ ላይ

ሰኞ፣ ኅዳር 8
የደበዘዘውን ሹራብ ወደ ትራስ ልብስ የቀየርኩበት ቪዲዮ ጉድ አሰኘ! ሰው እየተቀባበለው ነው። አንዷ “እጅሽ ይባረክ፣ እናቴን አስታወስሽኝ” ብላ ጻፈችልኝ። እኔ... በዚህ ዕድሜዬ ባለፔጅ! የሌላ ከተማ ሙሽራ ሳትቀር በፔጁ አግኝታኝ የሚዜዎቿን ቀሚስ አዛኛለች። ልካቸውን እዚያው ትልክልኛለች።

ማሽኑ ላይ ሆኜ ብቻዬን ስስቅ እትዬ በበሩ ብቅ አሉ።
“ምን ያስቅሻል?”
“ምንም።”
ለምን ምንም አልኩ? እንጃ። የባሌ ታላቅ እህት ናቸው። እኛ ጋ ከገቡ ወዲህ የምሰፋውንም የምተረትረውንም ሳያዩ አይውሉም፣ ያዩትንም ሳያወሩ አያድሩም። ሰፈሩ “ሬዲዮ” የሚላቸው በከንቱ ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ልጄ መጥታ ዋለች። ገና ቁጭ ሳትል ጮኸችብኝ።
“እማ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ሰብስበሽ በአንድ የይለፍ ቃል ብቻ?”
ስልኬን ነካካች። ከዛሬ ጀምሮ ፔጄ ሁለት ቁልፍ አለው። የይለፍ ቃሌን ከጻፍኩ በኋላ ስድስት ቁጥር ይጠይቀኛል። ቁጥሩ በመልእክት አይመጣም፣ እዚሁ ስልኬ ውስጥ አንድ አፕ አለ፣ እሱ ነው የሚወልደው። በየግማሽ ደቂቃው ይቀየራል። ሌባ ቢመጣ የቱን ይያዝ! ደስ አለኝ።

“ስልኩ ቢጠፋስ?” አለችኝ። “ሌላ ስልክ ላይም መኖር አለበት። እትዬ ስልክ ላይ ላድርገው?”
“እትዬ?! ነገ ዳቦ ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል!”
“ያላንቺ የይለፍ ቃል እኮ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይሠራም።”
“አይሆንም አልኩሽ።”
እሺ ብላ የመጠባበቂያ ቁጥሮች በወረቀት ሰጠችኝ፣ አፑ ቢጠፋ በነሱ ይገባል። “ከስልክሽ የራቀ ቦታ አስቀምጪ” አለች። እዚህ ቤት እትዬ የማያገላብጡት ቦታ የት አለ? እኔም ቀላል አይደለሁ... ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ቀዳደድኩት። ይፈልጉ አሁን!

ጨርቅ ላሰጣ ወጥቼ ስመለስ ልጄና እትዬ ተጠጋግተው ሲንሾካሾኩ። ሲያዩኝ ተራራቁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15
እትዬ ስልካቸውን መድፋት ጀምረዋል። ስክሪኑ ወደ ታች። ድሮ እንዲህ ያደርጉ ነበር? በፍጹም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18
ያዝኳቸው!
መነጽራቸውን ሊፈልጉ ሲነሱ ስልካቸው እንደበራ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። አየት አደረግኩ። የፔጄ ስም! ከሥሩ ስድስት ቁጥር። የኔን አውጥቼ ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ቁርጥ አንድ። ሲቀየሩም አብረው ተቀየሩ።

“እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?”
“ልጅሽ ናት ያስቀመጠችው። ለክፉ ቀን ነው፣ ለእማ እንዳይነግሩ አለችኝ።”
“እርስዎ ደሞ መቼ ምስጢር ጠብቀው ያውቃሉ!”
“ይኸው ጠበቅኩ አይደል?”
ይበልጥ ተናደድኩ። “አሁኑኑ ያጥፉት። እያየሁ።”
“ኋላ እንዳይቆጭሽ።”
“ያጥፉት ብያለሁ!”
ባሌ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ከኋላው ተደበቀ። እትዬ አፑን በጣታቸው ጫን አደረጉና ወደ ላይ ጎተቱት። ጠፋ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19
የሆነ ነገር ይከነክነኛል። መነጽራቸውን እኮ አላደረጉም። ስኳርና ጨው የሚያምታቱ ሴትዮ በአንድ ንክኪ አጠፉት? ቶሎ ነው የጠፋው... በጣም ቶሎ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24
ምነው ዛሬ ባልነጋ። የደበዘዘ ቀሚስ እንዴት ቀለም እንደሚነከር እየቀረጽኩ ነበር። ስልኬን መደርደሪያው ጫፍ ላይ አስደግፌ፣ “አሁን እንግዲህ ቀስ አድርገን እናማስላለን” ከማለቴ... ዶቅ! የሚፍለቀለቅ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ። በማማሰያው አወጣሁት። ስልኩ ሞተ። ቀለሙ ግን ምን የመሰለ ይዞታል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25
ባሌ የድሮ ስልኩን ሰጠኝ። የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፣ ተቀበለኝ። ቀጥሎ “ስድስት ቁጥር አስገቢ” አለኝ። ከየት አምጥቼ?
ልጄ ጋ ደወልኩ።
“ወረቀቱስ?”
“ቀደድኩት። ግን ፎቶ አንስቼዋለሁ።”
“ጎሽ! ፎቶው የት ነው?”
“...ስልኩ ውስጥ።”
“እማ፣ ቁልፉን ውስጥ ትተሽ በር ዘጋሽ” አለች። “በቃ እትዬን ጠይቂያቸው፣ ቁጥሩ እሳቸው ጋም አለ።” ማስጠፋቴን ምን ብዬ ልንገራት? ኔትወርክ እምቢ አለ ብዬ ዘጋሁ።

ሙሽራዋ ልኩን ማክሰኞ ልካልኛለች፣ አልገለበጥኩትም። የስልክ ቁጥሯም የለኝም። ሠርጉ ደርሷል፣ ጨርቁ ሳይቆረጥ ተቀምጧል። ዝም ስላት ምን ትላለች? አጭበርባሪ! ያ ሁሉ ሰው ፊት... ያ ሁሉ “እጅሽ ይባረክ”...

ዓርብ፣ ኅዳር 26
እትዬ ሽንኩርት ሲልጡ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያ ጥርጣሬ አልለቀቀኝም።
“እትዬ... የዚያን ዕለት የእውነት አጥፍተውታል?”
“ዓይንሽ እያየ!”
“ዓይኔ ያየውን ይተዉት። መነጽር አላደረጉም ነበር።”
ቢላዋውን አስቀመጡ። “ትቆጪኛለሽ?”
“አልቆጣም።”
“ከስልኩ ፊት ገጽ ላይ ብቻ ነው ያነሳሁት። ከፊት ብታነሺው ለዓይን ነው እንጂ ከውስጥ አይወጣም። ልጅሽ አሳይታኛለች።”
“ዋሹኝ ማለት ነው?”
“ዋሸሁሽ።”
ተነስቼ አገላብጬ ሳምኳቸው! “ምን ነካሽ፣ ሽንኩርት በሽንኩርት ነኝ” ይላሉ። አውቄ ነበር እኮ! አላልኩም? አላጠፉትም ብዬ ጠርጥሬ ነበር!

ቁጥሩን ሲያነቡልኝ ስምንቱን ሦስት አሉኝ። እምቢ አለ። “መነጽር!” ብዬ ጮህኩ። አናታቸው ላይ ነበር። ሲያወርዱት ቁጥሩ ተቀየረ፣ እንደገና... ገባ! ሙሽራዋ ደጋግማ ጽፋለች፤ የመጨረሻው “እናቴ፣ አለሽ?” ይላል።
አለሁ! አለሁ አልኳት።

ሰኞ፣ ኅዳር 29
ጨርቁ ተቆረጠ። እትዬ ጫፉን ይይዙልኛል፣ አፋቸው ግን አላረፈም፣ “ጠበበ” ይላሉ። አልጠበበም።

ልጄ በስልክ እየመራችን ሁሉንም እንደ አዲስ አደረግነው። ቁጥሩ እኔም ጋ፣ እትዬም ጋ አለ። አዲሱን የመጠባበቂያ ወረቀት በጨርቅ ጠቅልዬ የሆነ ነገር ውስጥ ሰፋሁት። የት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። እትዬ ያውቃሉ።

እሳቸውም ፔጅ ከፍተው ሁለተኛ ቁልፋቸውን እኔ ስልክ ላይ አስቀመጡ። የይለፍ ቃሌን ግን አልነገርኳቸውም። እሳቸውም የሳቸውን ሲጽፉ ጎንበስ ብዬ ላይ ስል በእጃቸው ሸፈኑት!
ምን ቢኖራቸው ነው?