ዋርካው ሸሸኝ

ይድረስ አሶሳ ላለኸው ለወንድሜ ለደምመላሽ። ከመተከል የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከነላሞቻችን ደህና ነን።

አባባ እግራቸው ቢያብጥ፣ መድኃኒት አዋቂው ሥርም ቅጠልም አልሰጣቸውም፤ «በየጠዋቱ ይራመዱ» ብቻ አላቸው። እናታችን «በሽተኛ ይተኛል እንጂ እንደ ነጋዴ ይንከራተታል?» ብላ አገር ይያዝልኝ አለች። እሳቸው ግን እንደ ሙሽራ ለብሰው፣ አንተ በሄድክበት መንገድ ብቻ ይወጣሉ።

በመስከረም ዋርካው ደርሰው ይመለሱ ነበር። በኅዳር ከዋርካው ወዲህ ካለው ምንጭ መመለስ ጀመሩ። አሁን የአጥሩን በር ይዘው ትንሽ ይቆሙና «ዋርካው ሸሸኝ!» እያሉ ያስቁናል። እናታችንም መቆጣቱን ትታለች።

ሁሉም ሰላም ይሉሃል። አባባም ሰላም ካሉህ በኋላ «የቀረውን መንገድ እሱ ይምጣበት በይልኝ» ብለዋል።

እህትህ የዝናሽ